የቬሰል ቀስቶችና የዶሮ ቤቱ ዙር

በሆልትሄም መንደር የሚወራው እንዲህ ነው። ቬሰል ቴር ሆርስት፣ ያ ዝምተኛው ጡረተኛ ፖስተኛ፣ የአርባ ዓመት የመንገድ ጓደኛው የብስክሌት መንገዱን ሊሰርቀው ከኋላው እንደሚከተለው ገና ከመነሻው አውቆ ነበር አሉ። አውቆም ዝም አለ። ከዚያ ሌባውን እያሳሳቀ ወደ አንዲት ዶሮ አርቢ ግቢ ይዞት ገባና በዶሮ ቤቱ ዙሪያ ሦስቴ አዞረው። ከአንድ ወር በኋላ አራት መቶ አሥራ ሁለት ብስክሌተኞች፣ የተሰረቀውን መንገድ ከስልካቸው እያነበቡ፣ ያንኑ ዶሮ ቤት እንደ ደብር ዞሩት።

ይህ እንግዲህ ልከኛው ወሬ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ሲያወራው ብስክሌተኞቹ ዘጠኝ መቶ፣ ዙሩም ሰባት ይሆናል። በዲኒ ቡና ቤት፣ ከአራተኛው ቢራ በኋላ ሲወራ ደግሞ፣ ዶሮዎቹ ራሳቸው ዞሮባቸው ሁለት ሳምንት እንቁላል መጣል አቁመዋል፤ ከወንዝ ማዶ የመጣ አንድ የጥርስ ሐኪምም እስከ ዛሬ እየዞረ ነው፣ ሚስቱ በየቀኑ ስንቅ ትልክለታለች።

ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል። ቬሰልን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ብዙ መላ መጨመር አያስፈልገውም። ሰውየው ተንኮል የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ካርታ ሲጫወት ጥሩ ካርታ ከደረሰው ጆሮው እንደ ቲማቲም ይቀላል፤ ስለዚህ አብረውት የሚጫወቱት ጆሮውን እንጂ ካርታቸውን አያዩም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፖስታ ሲያድል የሰው ደብዳቤ ወደ ብርሃን አንሥቶ አይቶ አያውቅም። ይህም በሆልትሄም እንደ ጽድቅ ሳይሆን እንደ ጉድለት ይቆጠርበታል፤ ወሬ የማያመጣ ፖስተኛ ምን ይጠቅማል። እንዲህ ያለው ሰው የወር ሙሉ ሴራ ጎንጉኖ፣ ጆሮው ሳይቀላ፣ ሰው ዶሮ ቤት ያዞራል ሲባል ነገሩ ጉሮሮ ላይ ይቆማል።

የሆልትሄም ብስክሌተኞች ማኅበር ትልቅ ቀን በየዓመቱ በግንቦት የሚደረገው የሰባቱ ተራሮች ጉዞ ነው። ሰማንያ አምስት ኪሎ ሜትር፣ ከጫካ ወደ ጫካ። ከሰባቱ ተራሮች ረጅሙ ዘጠና አንድ ሜትር ነው። ይህን ጉብታ የሚል አገር ይኖራል፤ ይበል። እዚህ ግን ጫፉ ላይ የደረሰ ሰው ትንፋሹን እየሰበሰበ ቁልቁል ያያል፣ ለሚስቱም ይደውላል።

ይህን መንገድ የፈጠረው ቬሰል ነው። አስፋልቱና ጫካው ቀድሞም ነበሩ፤ እሱ የፈጠረው አገጣጠማቸውን ነው። ፖስታ ሲያድል በኖረባቸው ዓመታት የትኛው ቁልቁለት ላይ የበሰበሰ ቅጠል መንገዱን እንደ ሳሙና እንደሚያሟልጨው፣ የትኛው የዛፍ ሥር አስፋልቱን ከታች ገፍቶ የጎማ ካላማዳሪ እንደሚያፈነዳ፣ የትኛው ውሻ ከመጮህ አልፎ እንደማይነክስ አጥንቷል። ነፋሱ የሚመጣው ከምዕራብ ስለሆነ መነሻውን ወደ ምዕራብ አደረገው፤ ጠዋት በጉልበትህ ተዋጋው፣ ከሰዓት ሲደክምህ ጀርባህን ይግፋህ ብሎ። የፖም ኬኩን እረፍት ሃምሳ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አስቀመጠ። ሃምሳ ላይ ሆድ መሳደብ ይጀምራላ፤ ሃምሳ አምስት ላይ ደግሞ ባልና ሚስት ይሰዳደባሉ። ሃምሳ ሁለት ልኩ ነው።

ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቢጫ የጣውላ ቀስቶች በብስክሌቱ ተጎታች ጭኖ ጫካ ይገባና በየመታጠፊያው ምሰሶ ላይ በሽቦ ያስራቸዋል። ዛፍ ላይ ምስማር አይመታም። ከእያንዳንዱ መታጠፊያ ሃምሳ ሜትር ወዲያ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቀስት ይጨምራል። ይቺ ወደየትም አታሳጥፍም፤ «አልተሳሳትክም፣ ቀጥል» ለማለት ብቻ የቆመች ናት። ሌላ ማኅበር እንዲህ ያለ ቀስት የለውም። ከሌላ መንደር የሚመጡት ብስክሌተኞች «እዚያ ሆልትሄም ጫካ ውስጥ አንድ የሚያስብልህ ሰው አለ» ይሉ ነበር፤ ቬሰል ይህን በሰማ ቁጥር ጆሮው ይቀላል። ሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ሠራ። ስሙ አንድም ወረቀት ላይ ተጽፎ አያውቅም፣ እሱም አልጠየቀም። ማን የማያውቅ አለ ብሎ ነው።

ራይንት ኮልክማን የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። ሙሉ ኩሽና ከነመሳቢያው የሚሸጥበት መደብር አለው፤ ምላሱ ቅቤ ስለሆነ ቆርኪ መክፈቻ ሊገዛ የገባ ሰው የስድስት ሜትር ኩሽና በዱቤ ገዝቶ ይወጣል፣ ሲወጣም ያመሰግነዋል። ሁለቱ በአንድ ክፍል ተምረዋል፤ ዛሬ ሁለቱም ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ እስከ ዛሬም «አንተ ልጅ» ነው የሚባባሉት። አርባ ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ አብረው ጫካ ሲገቡ፣ ሲገቡም ሆነ ሲወጡ ቬሰል ከፊት፣ ራይንት ከኋላ ነው።

ይህ በብስክሌተኛ ሕግ ነውር ነው። ከፊት ያለው ነፋሱን ይበላል፣ ከኋላ ያለው ይጠለላል፤ ስለዚህ ተራ በተራ ነው። ተራውን የማይወጣ ሰው ጎማ ላሽ ይባላል፣ ልጁን ለመዳር እንኳ ይቸገራል። ራይንት ግን ለየወቅቱ ምክንያት ነበረው። በጸደይ ጉልበቱ፣ በበጋ የአበባው ብናኝ፣ በመከር ሳንባው፤ በክረምት ደግሞ የጓንቱ ስፌት።

«አርባ ዓመት ውስጥ ራይንት አንድ ጊዜ ብቻ ከፊት ወጥቷል» ትላለች የቡና ቤቷ ባለቤት ዲኒ፣ ብርጭቆ እያደረቀች። «ያኔም የቬሰል ጎማ ፈንድቶ ቆሞ ስለነበር ነው።»

«ጉልበቱን ያመዋል» ይላል ቬሰል።

«ጉልበቱ ለጭፈራ ሲሆን ይሻለዋል?»

ራይንትም ይስቅና የቬሰልን ትከሻ ይመታል። «ያንተ ጀርባ እኮ፣ አንተ ልጅ፣ ከዚህ ጫካ ዛፍ ሁሉ ይበልጣል።» ቬሰል ይህን ይወደዋል። የሰው መጠለያ መሆን ደስ ይለው ነበር፤ ከኋላው ያ የሚያውቀው የካቴና ድምፅ ሲንሿሿ ካልሰማ ዳገቱ ይረዝምበታል።

ያለፈው ክረምት፣ አንድ ሐሙስ፣ ዲኒ ቡና ቤት ራይንት ከፖም ኬኩ ላይ ቀና ብሎ ቬሰልን ጠየቀው።

«ይሄን መንገድህን ወረቀት ላይ አስፍረኸዋል?»

«ወረቀት ምን ያደርግልኛል? እግሬ ያውቀዋል።»

«እግርህ ነገ ቢሞትስ?»

«እግሬ ብቻውን አይሞትም፤ አብረን ነው።»

«እኔም እሱን ነው የምልህ።»

«ያኔ በሜዳው በኩል ሂዱ» አለ ቬሰል። «ሜዳ መሪ አይፈልግም።»

ራይንት ሳቀ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መሰለ።

በሚያዝያ አንድ ሐሙስ ራይንት ገና በጠዋት የቬሰልን በር አንኳኳ። ሐሙስ ሐሙስ አርባ ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ቡና ቤት ናፈቀኝ የሚለው ሰው «ዛሬ ሙሉውን እንሂድ» አለ፤ «ሰባቱንም ተራራ፣ አንተና እኔ ብቻ።» ቬሰል ደስታው ፊቱ ላይ ሞላ። የቬሰል ሚስት ሚና ባሏን እንዲህ ሲፈካ ያየችው የመጨረሻው ልጃቸው ከቤት የወጣ ዕለት ነው ትላለች።

የዚያን ዕለት መንገድ ቬሰል ዛሬም ይተርከዋል። ጫካው ቅጠሉን ገና እያወጣ ነበር፣ አስፋልቱ ደርቋል፤ ራይንትም እንደ ተማሪ ጠያቂ ሆኗል። «እዚህ ለምን ታጠፍክ?» «ይሄ ዳገት ለምን በዚህ በኩል?» ቬሰል በአርባ ዓመት ያላወራውን በአንድ ጠዋት አወራ። ስለ ነፋሱ ነገረው፣ ስለ ቅጠሉ ነገረው፤ ስለዚያች «አልተሳሳትክም» ስለምትለው ትንሽ ቀስት ሳይቀር። በራይንት ማሊያ የኋላ ኪስ ውስጥ የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ ነበረች፤ የዞሩበትን ሁሉ እየመዘገበች ትከተላለች። ከፊት ያለ ሰው የኋለኛውን ኪስ በምን ዓይኑ ያያል።

ሠላሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቬሰል እንቁላል ትዝ አለው። ሚና ሐሙስ ሐሙስ አሥር እንቁላል ታዘዋለች፤ የሚገዛው ከኸዚና ነው። ኸዚና ባሏ የሞተባት ዶሮ አርቢ ስትሆን በሯ ላይ መደርደሪያና የሳንቲም ቆርቆሮ አስቀምጣለች፤ አላፊ አግዳሚው እንቁላሉን ይወስዳል፣ ዋጋውን ይጥላል። የዚያን ዕለት መደርደሪያው ባዶ ነበር። ቬሰል መሪውን ጠምዝዞ ግቢዋ ገባ። በፍግ ክምሩ አጠገብ አልፎ «ኸዚና» ብሎ ተጣራ። ድምፅዋ ከዶሮ ቤቱ ጀርባ መጣ፤ ዞረ። እሱ ሲዞር እሷ በሌላው ጎን ወጣች፤ ደግሞ ዞረ።

«ምን እንደ ጥንብ አንሣ ትዞረኛለህ?» አለችው በመጨረሻ ቆማ።

«አሥር እንቁላል ፈልጌ።»

«እሱስ ማነው፣ ከኋላህ የተለጠፈው?»

ራይንት ነበር። ከብስክሌቱ አልወረደም። ፍጉንም፣ ዶሮውንም፣ ኸዚናንም አላየ። አርባ ዓመት የሰው ጎማ ሲያይ የኖረ ዓይን ሌላ ነገር ማየት ይረሳል፤ ጎማው ዞረ፣ እሱም ሁለቴ ዞረ። ቬሰል እንቁላሉን በማሊያው ኪሶች አከፋፈለና፣ አንድም ሳይሰበርበት፣ ጉዞው ቀጠለ።

ቤቱ ሲደርስ ለሚና «ዛሬ ራይንት እስከ መጨረሻው አብሮኝ ነበር» አላት። ያን ቀን ከእንቁላሉ በፊት የነገራት ይህን ነው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ቬሰል ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቀስቶቹን ቢጫ ሲቀባ ሚና የመንደሩን ነጻ ጋዜጣ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። አላነበበችለትም፤ ዘርግታ ሰጠችው። «ታላቅ ዜና ለብስክሌተኞች» ይላል። «የኮልክማን መንገድ ዘንድሮ ይመረቃል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ራይንት ኮልክማን ለዓመታት በግላቸው ባደረጉት ጥናት የነደፉት ይህ ውብ መንገድ በስልክ ይጫናል። የጣውላ ቀስት ዘመን አብቅቷል።» ከታች ሰባቱ ተራሮች በተራ ተዘርዝረዋል። የፖም ኬኩም አለ፣ ሃምሳ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ።

«የጋዜጣ ስሕተት ነው» አለ ቬሰል።

«ሂድና ጠይቀዋ።»

በብስክሌቱ ወደ መደብሩ ሄደ። እጁ ላይ ቢጫ ቀለሙ ነበረ። ራይንት ለሽያጭ በቀረበ አንድ ነጭ ኩሽና ውስጥ ቆሞ መሳቢያ እየከፈተ ይዘጋል።

«ቬሰል፣ አንተ ልጅ፣ ዛሬ ልመጣልህ ነበር።»

«ጋዜጣው ቀደመህ።»

«ኮሚቴው ነው የወሰነው። ዘመኑ ነው፤ ልጆቹ ቀና ብለው ቀስት አያዩም፣ ስልክ ነው የሚያዩት። አንተም ሰባ አንድ ዓመትህ ነው፣ መሰላል ላይ...»

«መሰላል አልጠቀምም። ስሙስ?»

«ስም?»

«የኮልክማን መንገድ የሚለው።»

ራይንት መሳቢያውን ዘጋው። «መደብሩ ነዋ ወጪውን የሚሸፍነው። አንድ ስም መሰጠት ነበረበት። ደግሞስ እኔም አርባ ዓመት ነድቼዋለሁ።»

«ከኋላ።»

«ከኋላ መንዳትም መንዳት ነው።»

«መቼ መዘገብከው?»

የራይንት ዓይን ወደ መሳቢያው ሸሸ። ቬሰል የሚያዝያዋን ሐሙስ አስታወሰ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አስታወሰ፤ የሰጣቸውን መልሶችም። ጩኸት አላሰማም፣ ኩሽናም አልሰበረም። ቢጫ እጁን በሱሪው ጠርጎ ወጣ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ቀሪውን የነገረችው ዲኒ ናት። ኮሚቴው የተሰበሰበው እዚያው መደብር ውስጥ ነው፤ አምስቱም በየኩሽናው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የሚሸጥ ምድጃ ላይ የተሠራ ሾርባ እየጠጡ፣ እጃቸውን አወጡ። አምስት ለባዶ።

«አንቺም ታውቂ ነበር?» አላት።

«ሁሉም ያውቅ ነበር» አለች ዲኒ፣ ዓይኗን ከብርጭቆው ሳታነሣ። «ነግሮታል ብለን ነው። ራይንት ነግሬዋለሁ፣ ተደስቷል ነው ያለን።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላል የአገራችን ሰው፤ ይሄኛው ፈረስ ደግሞ ከጣለ በኋላ ኮርቻውን በስሙ አስመዘገበ።

ሚና በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «አርባ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን እንኳ ዘወር ብለህ አላየኸውም?»

«ዘወር ያለ ሰው ከፊቱ ያለውን ጉድጓድ አያይም» አላት። «ከኋላዬ ለሚመጣው ሰው ጉድጓድ የማሳየው እኔ ነበርኩ።»

የጉዞው ቀን ደረሰ። ጫካው ውስጥ አንድም ቀስት አልታሰረም። ቬሰል በጠዋት ተነሥቶ፣ በሠላሳ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ብስክሌቱን ወደ ሜዳው አዞረ። ከአድማስ እስከ አድማስ ላምና ቦይ ብቻ ባለበት አገር፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየበላ፣ ብቻውን ዋለ። ከኋላው የሚንሿሿ ካቴና የለም። ሁለቴ ዘወር ብሎ አየ።

ስለዚህ ሠላሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ የሆነውን አላየም፤ የሆነው ግን ይህ ነው። ስልኩ «ወደ ቀኝ» አለ፣ የመጀመሪያው ቡድን ወደ ቀኝ ታጠፈ። ስልኩ በፍግ ክምር አጠገብ አሳለፋቸው፣ አለፉ። ስልኩ ዶሮ ቤቱን ሁለቴ ዙሩ አለ፤ ዞሩ። የሆልትሄም ሰው መንገድ ነው ከተባለ ቦይ ውስጥም ይገባል፣ መጀመሪያ ካልሲውን ያወልቃል እንጂ። ግማሾቹ የጉዞ ካርድ ላይ ማኅተም የሚመታበት ጣቢያ መስሏቸው ካርዳቸውን ለኸዚና ዘረጉላት። አንዲት የከተማ ሴት ብቻ ቆም ብላ «ይሄ ለምንድነው?» ስትል፣ ከኋላዋ ያለው ሰውዬ «እመቤት፣ መንገዱ ነው፤ አይዝጉብን» አላት።

ኸዚና የመጀመሪያዎቹን ሃያ ሰዎች በመጥረጊያ ልታባርር ነበር። ሠላሳኛው ላይ መጥረጊያውን አስቀመጠች። ሃምሳኛው ላይ ድስት ጣደች። እኩለ ቀን ላይ የተቀቀለ እንቁላል በጨው እየሸጠች፣ ለሚዞሩትም «በግራ በኩል፣ በግራ በኩል» እያለች መንገድ ታስተናብር ነበር።

ራይንት መድረሻው ላይ አዲስ ማሊያ ለብሶ እጅ ይጨብጣል። አንድ ላብ ያጠመቀው ብስክሌተኛ ቀረበና «አቶ ኮልክማን፣ መንገዱ ግሩም ነው፤ የዶሮዋ ነገር ግን ከሁሉም በለጠችብኝ» አለው።

«የምን ዶሮ?» አለ ራይንት።

ወሬው የተወለደው እዚያው ላይ ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ «ይሄማ የቬሰል ሥራ ነው» አለ፤ ሲመሽም ወሬው ጥርስ አውጥቶ ነበር። ሰኞ ዕለት ቬሰል ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ሰው ሁሉ ትከሻውን ይመታዋል። ዳቦ ጋጋሪው ዋጋ አልቀበልም አለ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ሰላምታ ሰጥቶት የማያውቀው ፋርማሲስት ከሱቁ ወጥቶ «አንተ ቀበሮ» አለው፣ በአክብሮት። ቬሰል «እኔ እኮ...» ሲል ያቋርጡታል። «ገባን፣ ገባን፤ አትናገር» ይሉታል። ዝምታው ራሱ የተንኮሉ ማረጋገጫ ሆነ።

ረቡዕ ዕለት የማኅበሩ ጸሐፊ ፌምኬ ቤቱ መጣች። ወጣት አስተማሪ ናት፤ እጃቸውን ካወጡት አምስቱ አንዷ እሷ ስለነበረች ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠችው።

«ጋሽ ቬሰል፣ ኮሚቴው እንደገና ተሰብስቦ ነበር።»

«ኩሽና ውስጥ?»

«ትምህርት ቤት ውስጥ» አለች ቀላ ብላ። «መንገዱ የእርስዎ ነው፣ ቀስቶቹም ይመለሳሉ። ስሙም የቴር ሆርስት መንገድ ይሁን ብለናል፤ በጽሑፍ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እርስዎ ነው። ነገ ዲኒ ቤት ራይንት ይመጣል፣ ትታረቃላችሁ፣ እንስቃለን፣ ያልቃል። እርስዎ አውቄ ነው ለማለት አንድ ጊዜ ዓይንዎን ጠቀስ ቢያደርጉ በቂ ነው።»

እሷ ስትሄድ ሚና ጠረጴዛውን እየወለወለች «ጥቀስባቸው» አለችው። «ዓይን መጥቀስ ምን ይከብዳል? መንገድህ ነው። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።»

ቬሰል ሌሊቱን አልተኛም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ይህ እንኳ እውነት ነው። መንገዱን ይፈልገዋል። ስሙን አንድ ጊዜ፣ በቢጫ ላይ በጥቁር፣ ምሰሶ ላይ ማየት ይፈልጋል፤ ይህን የሚፈልግ አይመስለውም ነበር። ደግሞ ሐሙስ ብቻውን ሲነዳ ዳገቱ ረዝሞበታል።

ሐሙስ ከሰዓት የዲኒ ቡና ቤት ሞልቶ ቆሞ የሚጠጣ ነበር። ቬሰል የተለመደችው ቦታው ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ቡናውን ይዞ ተቀምጧል። ራይንት ገባ፤ ሰው መንገድ ለቀቀለት። ሁለት ቢራ አዝዞ ይዞ መጣና አንዱን ቬሰል ፊት አስቀመጠ። ፊቱ ላይ እፎይታ ነበር፤ ለሳምንት የከበደውን ነገር ሊያወርድ የመጣ ሰው እፎይታ።

«በላኸኝ፣ አንተ ልጅ» አለ ሰው ሁሉ እንዲሰማው። «እኔ መንገድህን ወሰድኩ፣ አንተ በዶሮ አዞርከኝ። አውቀህ ከፊት ከፊት እየሄድክ፣ እንቁላል ምናምን እያልክ። አንድ ለአንድ ነን። በቃ፣ ተመጣጥነናል።»

ቤቱ ሳቀ። ዲኒ ብርጭቆ ማድረቋን አቆመች። ፌምኬ ከጥግ ሆና ቬሰልን በዓይኗ ለመነችው። የቀረው ያ የዓይን ጥቅሻ ብቻ ነው፤ ሁሉም አንገቱን አስግጎ የቬሰልን ዓይን ይጠብቃል።

ቬሰል ቢራውን ቀስ አድርጎ ወደ ራይንት ገፋው። ጆሮው አልቀላም።

«እኔ ምንም አላውቅም ነበር» አለ።

«አሁንማ ተው፣ ሁሉም ያውቃል...»

«ሁሉም የሚያውቀው ውሸት ነው። ኪስህ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። ኸዚና ቤት የገባሁት ሚና አሥር እንቁላል ስላዘዘችኝ ነው። መደርደሪያው ባዶ ነበር። ሁለቴ የዞርኩት ኸዚና ከጀርባ ስለነበረች ነው፤ ሦስቴም አይደለም፣ ሰባቴም አይደለም። መንገዱን ብትጠይቀኝ ኖሮ ቁጭ ብዬ እጽፍልህ ነበር፣ ዶሮ ቤቱ እንደማይገባበትም እነግርህ ነበር። የመጣኸው አብረኸኝ መንዳት ፈልገህ መስሎኝ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ፌምኬ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«ስለዚህ አንድ ለአንድ አይደለንም» አለ ቬሰል። «እኔ አንተን ምንም አላደረግኩህም። አላዞርኩህም፣ አልተበቀልኩህም፣ አላሰብኩትምም። ስለ እኔ ተንኮል ከሚወራው ውስጥ አንዲትም እውነት የለችበትም።»